ከጉልቻ እስከ ጓሮ፦ በጎጃም ቤት እንጨት፣ አፈርና ውኃ የሚቆጥቡ አሠራሮች

በጎጃም ገጠርም ሆነ ከተማ አንድ ቤተሰብ አካባቢውን የሚጎዳውም የሚጠብቀውም በዋናነት በሁለት ቦታ ነው፤ በምድጃውና በጓሮው። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ማሳው ፍግ ሲያጣ አፈሩ ይደክማል፣ ለፋብሪካ ማዳበሪያ የሚወጣው ገንዘብም በየዓመቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሥራው ከእሳቱ ይጀመር፤ እሳቱ ሲቀንስ ኩበቱ ለአፈር ይተርፋል።

የእንጀራ ምድጃ

በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ ጋገራ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ ነበልባሉ በየጎኑ ይወጣል፤ ከምጣዱ ይልቅ ግድግዳውና ጋጋሪዋ ይሞቃሉ። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ይህን ክፍት ቦታ ስለሚዘጋ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምድጃው ምጣዱን የሚከቡ አራት ክፍሎችና ከኋላ ድስት የሚቀመጥባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት።

ስትገዙ ጥንካሬውን ፈትሹ። በጥፍር ሲቧጠጥ የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይም ከተሠራ በኋላ ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል። የሲሚንቶ ምድጃ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየተርከፈከፈበት በጥላ መቆየት አለበት። ይህ ያልተደረገለት ምድጃ ቶሎ ይሰነጠቃል።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦

1. ነፋስ በቀጥታ የማይመታው፣ ጭሱ ግን መውጫ ያለው ቦታ ምረጡ። ወለሉን አስተካክሉና ጠቅጥቁት።
2. አራቱን ክፍሎች ገጣጥማችሁ ምጣዱን አስቀምጡ። ምጣዱ ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጉ፤ ውኃው ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ምድጃው ዘሟል። እንዲህ ሆኖ ቢጋገርበት እንጀራው በአንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላው ያርራል።
3. መጋጠሚያዎቹን ጭድ በገባበት ጭቃ ድፈኑ። በምጣዱና በምድጃው ጠርዝ መካከል የቀረውን ክፍተትም በጭቃና በአመድ ዝጉ። ማገዶውን የሚቆጥበው ይህ ድፈና ነው፤ ክፍተቱ ከቀረ ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ብዙም አይሻልም።
4. ከኋላ ያለውን የጭስ መውጫ አትድፈኑ። በላዩ ድስት ጣዱበት፤ እንጀራው እየተጋገረ ወጥ ይሞቃል፣ የመታጠቢያ ውኃም ይገኛል።
5. ጭቃው ሳይደርቅ ትልቅ እሳት አታንድዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በጭራሮ ብቻ አሙቁት።

ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ የጭቃ ከለላ ይሠራል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የጤፍ ጭድ እና ጥቂት እበት በውኃ አቡኩና ለቤት ግድግዳ እንደሚደረገው ከሦስት እስከ አምስት ቀን እየረገጣችሁ አቆዩት። በጉልቻዎቹ ዙሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ አንሱ። ከወለሉ እስከ ምጣዱ ሆድ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከፍታው ከዚህ ከበለጠ ነበልባሉ ምጣዱን በደንብ አይደርሰውም፤ ካነሰ እሳቱ አየር ያጣል። የማገዶ መግቢያው ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከትይዩው ያለው የጭስ መውጫ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለመድረቅ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። የሚፈጠሩ ስንጥቆችን በቀጭን ጭቃ መለሰን ነው።

ጥሩ ምድጃ ያላቸው ቤቶችም ማገዶ የሚያባክኑት አፉን በእንጨት በመጠቅጠቅ ነው። አፉ ሲሞላ አየር አይገባም፤ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሁለት ሦስት ፍልጥ ብቻ አስገቡ፣ ጫፋቸው ሲነድ ወደ ውስጥ ግፉ። አመዱንም ከእያንዳንዱ ጋገራ በፊት አውጡ።

እንጨቱን ማድረቅ

ከተቆረጠ ብዙ ያልቆየ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ያ ሁሉ ውኃ መጀመሪያ ተንኖ መውጣት ስላለበት የእሳቱን ጉልበት ይበላል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስም ከዚሁ ይመጣል። ለክረምት የሚሆነው እንጨት በኅዳር ተቆርጦ፣ በእጅ አንጓ ውፍረት ተፈልጦ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ በፀሐይና በነፋስ መቆየት ይገባዋል። ከመሬት በድንጋይ ወይም በአግዳሚ ከፍ አድርጋችሁ፣ በጣሪያው ጥግ ሥር፣ ነፋስ እንዲያልፍ አራርቃችሁ ደርድሩት። የደረቀ ፍልጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ቋ ይላል፣ ልጡም በእጅ ይላቀቃል። እሳት ውስጥ ገብቶ ጫፉ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ገና ነው።

እሳት ለማቀጣጠል ፌስታል ወይም የጀሪካን ስባሪ መጠቀም በብዙ ቤት ተለምዷል። መቅረት አለበት። የሚነድ ፕላስቲክ የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ በተለይ በጀርባ ለታዘለ ሕፃን። አመዱም ለጓሮ አይሆንም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ልጥና የበቆሎ ቆረቆንዳ ከፌስታል ባልተናነሰ ፍጥነት ይይዛሉ።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትጋግሩ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ነዋሪዎች አንድ ምክር ይበቃል፤ ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል ብዙ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ከመጋገር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በአንድ ተቀምጦ መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ አጥፉት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል።

ጥራጥሬን በጭድ ቅርጫት ማብሰል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ በ1,800 ሜትር፣ ወደ 94 ይደርሳል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ አልበስል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳት መጨመር የውኃውን ሙቀት ከፍ አያደርገውም፣ ውኃውን ያተንናል እንጂ። የሚረዳው ጊዜ ነው። ጊዜውን ያለ እሳት ለማግኘት ደግሞ ጭድ አለ።

ሰፊ ቅርጫት ወይም ካርቶን ፈልጉ፤ ድስቱን ስታስቀምጡበት በሁሉም ወገን 10 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይትረፍ። ታችና ዙሪያውን በደረቀ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ። ለላዩ ጭድ የተሞላ የጨርቅ ትራስ አዘጋጁ።

ባቄላውን፣ ሽምብራውን ወይም ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፉ። ጠዋት ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ጣዱ። ውኃው ከፈላ በኋላ ክዳኑን ዘግታችሁ ለ20 ደቂቃ በደንብ ይንፈቅፈቅ። ቦሎቄ ላይ ይህን ደቂቃ አትቀንሱ፤ ያልፈላ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፣ የሚጠፋውም በደንብ ሲፈላ ነው። ከዚያ ድስቱን ክዳኑን ሳትከፍቱ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጡ፣ ትራሱን ጫኑበት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ተዉት። ሲወጣ ያልበሰለ ካለ እንደገና አንዴ አፍልቶ መመለስ ነው። ሳይበላ በፊት ሁልጊዜ ይፍላ።

ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መሞላት አለበት፤ ትንሽ ምግብ ሙቀት ስለማይዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ክዳኑን መሃል ላይ ከፍቶ ማየትም ሥራውን ያበላሻል። ሥጋ በዚህ መንገድ አታብስሉ፤ ለብ ባለ ሙቀት ብዙ ከቆየ ይበላሻል።

ከቡና በኋላ የሚተርፈውን ፍም በውኃ አታጥፉ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምራችሁ አፍኑትና ለነገ ይሆናል። ቆርቆሮው ግን ውጪ ይደር፤ የፍም ጋዝ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል።

ኮምፖስት

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ኮምፖስቱን፣ ማለትም ከጭድ፣ ከቅጠልና ከእበት ተብላልቶ የሚገኘውን ማዳበሪያ፣ ይሥራ።

ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ለምለሙ አረም ገና አልደረቀም፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ዝናቡ ግን እየቀነሰ ነው። በዚህ ወቅትና በክረምት ከመሬት በላይ ክምር ይሠራል። በበጋ፣ ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበት ይይዛል።

ቦታው ጥላ ያለው፣ ጎርፍ የማይሄድበት፣ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 15 ሜትር የራቀ ይሁን። ከባሕር ዛፍ ሥርም አርቁት። ሥሩ ከታች ገብቶ ክምሩን ይጠጣዋል፤ ከአራት ወር በኋላ ስትከፍቱት ደረቅ የሥር ጥልፍልፍ ታገኛላችሁ።

ርዝመትና ወርዱ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ቦታ ለኩ። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። ከዚያ በተርታ አንጥፉ፦

- መሠረቱ፦ የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ፣ 20 ሳንቲ ሜትር። አየር ከታች የሚገባው በዚህ ነው። አገዳውን በእጅ መዳፍ ርዝመት ቁረጡት፤ ሳይቆረጥ የገባ አገዳ እስከ ቀጣዩ ዓመት እንዳለ ይቆያል።
- ደረቅ ነገር፦ ጭድ፣ ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። አርከፍክፉበት።
- ለምለም ነገር፦ አበባ ያላወጣ አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የብሳና ወይም የሰስባኒያ ቅጠል፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር።
- እበት ወይም ፍግ፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ከብት የሌለው ሰው የዶሮ ኩስ ይጠቀም፤ ኃይለኛ ስለሆነ ግማሹ ይበቃል።
- ስስ የአፈር ሽፋን፣ ከተቻለ ከድሮ ኮምፖስት ጋር የተቀላቀለ። አመድ ለመነስነስ ያህል ብቻ።

ከደረቁ ጀምራችሁ ይህንኑ ተርታ ደጋግሙ፣ የክምሩ ከፍታ 1.2 ሜትር እስኪሆን። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ዘንግ ትከሉ። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በጭቃ ምረጉት ወይም በሣር ክደኑት።

ዘንጉ መመርመሪያችሁ ነው። በሦስተኛው ቀን ስባችሁ አውጡና ወዲያው ጫፉን ጨብጡ። ቢሞቅና እርጥብ ቢሆን ክምሩ እየሠራ ነው። ቢቀዘቅዝና ቢደርቅ ውኃ አንሶታል፤ በዘንጉ ቀዳዳ ውኃ አፍስሱ። ሞቆ ደረቅ ከሆነና ነጭ ሻጋታ ከያዘ ክምሩ ነዷል፤ ከፍታችሁ አርጥቡት። ቀዝቅዞ፣ ረጥቦና ገምቶ ከወጣ አየር አጥቷል፤ በመንሽ ገልብጡትና ደረቅ ጭድ ቀላቅሉበት። ትክክለኛውን እርጥበት ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨምቁ፤ በጣታችሁ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል።

በሦስተኛው ሳምንት ገልብጡት፤ ውጪ የነበረው ወደ ውስጥ፣ ውስጥ የነበረው ወደ ውጪ ይሂድ። ከሌላ ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። በወይና ደጋ ከሦስት እስከ አራት ወር፣ በጮቄ ተራራ ግርጌና በሌላው ብርዳማ ደጋ ከዚያ ረዘም ባለ ጊዜ ይደርሳል። የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ነው፣ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው፣ ምን ከምን እንደተሠራ አይለይም። በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ በትናችሁ ወዲያው ከአፈሩ ጋር አቀላቅሉ። ከዚህ መጠን ካለው ክምር የሚገኘው 200 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ጓሮ ያዳርሳል።

የማይገባውን መለየት የሚገባውን የማወቅ ያህል ነው። የበሰለ ምግብ፣ ሥጋና አጥንት ውሻና ጅብ ይጠራሉ። ዘር ያፈራ ሙጃ ክምሩ በደንብ ካልሞቀ ዘሩ ሳይሞት ወደ ማሳ ይመለሳል። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ ድንች ቅጠሉም ሥሩም አይግባ፤ ነቅላችሁ አርቃችሁ ቅበሩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስና ሌላ ተክል እንዳያድግ ስለሚያደርግ ተዉት።

ጣና ዳር ላላችሁ ደግሞ፦ እምቦጭ በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ችግር ሆኖ ቆይቷል፤ ተነቅሎ ከወጣ በኋላ ለኮምፖስት ይውላል የሚለው ሐሳብም መልካም ይመስላል። ዘሩ ግን ለዓመታት ሳይበቅል ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል፣ ከቁራጭ ግንዱም ይራባል። አበባ ያወጣ እምቦጭ አትጠቀሙ፤ ከሐይቁ ዳር አርቃችሁ ወደ ሌላ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም መስኖ አካባቢ ፈጽሞ አታጓጉዙት።

አመድ

በአዊ፣ በባንጃ፣ በማቻከልና በጎዛምን ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን የግብርና ባለሙያ ሁሉ ይናገራል፤ የእንጨት አመድም በአነስተኛ መጠን ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ በተጨማሪም ፖታሲየም ይሰጣል። ለጎመን፣ ለሽንኩርትና ለገብስ መደብ በካሬ ሜትር አራት የቡና ስኒ ያህል በዓመት አንዴ፣ ከመዝራት ሦስት ሳምንት በፊት በትናችሁ ቆፍሩበት።

ድንች በምትተክሉበት መደብ አትጨምሩ፤ አሲዱ ሲቀንስ የድንቹ ልጣጭ እከክ ይይዛል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ እበት ጋርም በአንድ ቀን አታድርጉት፤ አፍንጫ የሚቆጠቁጠው ሽታ ከአፈሩ የሚሸሸው ናይትሮጅን ነው። በደጀንና በቢቸና በኩል ላለው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ አያስፈልገውም። አመዱን ክዳን ባለው ጀሪካን ወይም በጣሪያ ሥር አስቀምጡ፤ ዝናብ የመታው አመድ ፖታሲየሙ ታጥቦ ሄዷል።

እጣቢና እንዶድ

የሳህን እጣቢና የልብስ ውኃ መንገድ ላይ ከመደፋት ጌሾና ሙዝ ያጠጣ። ከተክሉ ግንድ አንድ ሜትር ርቃችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ግማሹን በድንጋይ፣ ላዩን በጭድ ሙሉት፣ እጣቢውን በዚያ አፍስሱ። ቅባቱን የሚይዘው ጭዱ ስለሆነ በወር አንዴ አውጥታችሁ ወደ ኮምፖስት ጨምሩና ቀይሩት። በረኪና የገባበት ውኃ እዚህ አይፈስም። ሰላጣና ቆስጣ ላይም እጣቢ አታፍስሱ፤ ቅጠሉ የሚበላ አትክልት በንጹሕ ውኃ ብቻ ነው የሚጠጣው።

በእንዶድ የምታጥቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ላይ እንዶዱ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አስተውለው ለዓለም አስታውቀዋል። ያው ኃይሉ ዓሣንም ይገድላል። የእንዶድ ውኃ ለልብስ ከሳሙና የሚያንስ አይደለም፤ እጣቢው ግን ወንዝ ዳር ሳይሆን ከውኃው ራቅ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።

ፌስታል

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጡ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ ቢጠብቅም ባይጠብቅም በየጎጡ የተበተነ ፌስታል የከብት ሆድ ውስጥ ገብቶ ይገድላል፣ በማሳ ውስጥም የውኃ መንገድ ይዘጋል። ዘንቢል በበር ላይ ይሰቀል፣ ለእህል ጆንያ፣ ለዘይት የራሳችሁ ጠርሙስ። ቤት የገባ ፌስታል ካለ ታጥቦ ደጋግሞ ያገልግል።

ችግኝ

ባሕር ዛፍ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ስለሆነ አትትከሉ ማለት ከንቱ ነው። ከምንጭና ከእርሻ ድንበር ግን ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ። ለጓሮና ለድንበር ዋንዛ፣ ብሳና እና ትሪሉሰርን ይሻላሉ፤ ትሪሉሰርን ለደጋ ከብትና ንብ ይስማማል፣ የብሳና ቅጠል ደግሞ ኮምፖስቱን ያፋጥናል።

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ 40 ሳንቲ ሜትር በሁሉም ወገን፤ ላይኛውና ታችኛው አፈር ለየብቻ ይቀመጥ። አፈሩ በዝናብ ጠጥቶ ሲረጥብ፣ በሐምሌ፣ ትከሉ። ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ በምላጭ ከጎኑ ሰንጥቃችሁ ማውጣት ግዴታ ነው። ፕላስቲክ ያልወጣለት ችግኝ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል። የተቆረጡትን ፕላስቲኮች አንድ ሰው በጆንያ እየሰበሰበ ይሂድ፤ ከተከላ በኋላ ተራራው ላይ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ላይኛውን አፈር ወደ ሥሩ መልሱ፣ በእግር ጠቅጥቁ፣ ዙሪያውን በሾህ እጠሩ። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በሳምንት አንዴ 5 ሊትር ውኃ፣ ሥሩ ላይ የጭድ ሽፋን፤ ጭዱ ግንዱን አይንካ፣ ምስጥ ይጠራልና።